«አጥብቁ፣ ከፍ አድርጉ» ለሚለው ምክር የተሰጠ ምላሽ፦ ስለ ሪሞት መኪና ሞላና መሪ አስተካከል

ጎንደር ውስጥ ሪሞት መኪና በሚያሽከረክሩ ወጣቶች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሰነበተ አንድ ጽሑፍ ለእኔም ደርሶኝ አነበብኩት። ጽሑፉ ከኮብልስቶን እስከ ዋልካ ድረስ ለከተማችንና ለዙሪያዋ ሻካራ መሬት የሚስማማ የሞላና የመሪ አስተካከል አስተምራለሁ ይላል። ምክሩ ሲጠቃለል የሚከተለው ነው፦ ድንጋያማ መሬት ላይ የሚነዳ ሰው የሾኩን (ሞላው የተጠመጠመበትን፣ ንዝረቱን በዘይት የሚያበርደውን ቱቦ) ቀለበት ወደ ታች አጥብቆ ሞላውን ያጠንክር፤ የሾክ ዘይት ባያገኝ ቁጥሩ አንድ እስከሆነ ድረስ የሞተር ዘይት ይጨምር፤ መኪናውን የቻለውን ያህል ከመሬት ከፍ ያድርግ፤ ወደ አንድ ጎን ቢጎትተው በሪሞቱ ትሪም (የመሪውን መሐል ጥቂት በጥቂት በሚያዛውረው ቁልፍ) ያቅናው፤ አልታጠፍ ቢለው ሪሞቱ ላይ ያለውን የመሪውን ገደብ እስከ መጨረሻው ከፍቶ ሰርቮ ሴቨሩን (መሪውን የሚያዞረውን ትንሽ ሞተር፣ ማለትም ሰርቮውን፣ ከግርፋት የሚጠብቀውን ሞላ) ጥርቅም አድርጎ ይሰር፤ የጎማ ማዕዘን ለአስፋልት ውድድር ብቻ የሚያስፈልግ ስለሆነ አራቱንም ጎማዎች ቀጥ አድርጎ ይተዋቸው፤ ከዚህ በላይ የፈለገ ደግሞ የውጭ አገር አሸናፊዎችን የልኬት ቅጽ እንዳለ ይገልብጥ።

ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፉት ከአቀራረባቸው ይታያል። ማንኛውንም ነገር ከመነካካት በፊት ጎማው በቸርኬው ላይ በሙጫ በደንብ መያዙ እንዲረጋገጥ፣ ብረት ውስጥ የሚገቡ ብሎኖችም ማጣበቂያ ተቀብተው እንዲታሰሩ የሰጡት ምክር ትክክል ስለሆነ አልመለስበትም። የማልቀበለው የቀሩትን ምክሮች ሁሉ የሚያያይዘውን አስተሳሰብ ነው። ጽሑፉ ሻካራ መሬት በጥንካሬ እንደሚሸነፍ፣ የመሪ ችግርም ከሪሞቱ ቁልፎች ላይ እንደሚፈታ አድርጎ ያቀርባል። መኪናውን የሚያዞረው፣ የሚያቆመውና ወደፊት የሚገፋው ግን መሬት የያዘ ጎማ ነው፤ ሞላውም ሾኩም የተሠሩት ጎማው ከመሬት እንዳይለይ ሲሆን፣ ሰርቮው ምንም ያህል ብርቱ ቢሆን አየር ላይ በተንጠለጠለ ጎማ መኪና ሊያዞር አይችልም። ከዚህ በታች የምጽፈው በእኛ አካባቢ በብዛት ስለሚታዩት፣ በባትሪ ስለሚሠሩት የ1/10 እና የ1/8 መጠን (የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛና አንድ ስምንተኛ የሆኑ) መኪኖች ነው።

ከሾኩ ቀለበት ልጀምር፤ የቀረው ስህተት ብዙው ከዚህ ይመነጫልና። ጸሐፊው ቀለበቱ ወደ ታች በተዞረ ቁጥር ሞላው እንደሚጠነክር ጽፈዋል። ሞላ የሚጠነክረው ሽቦው ሲወፍር፣ የጥምዝምዙ ስፋት ሲጠብ ወይም የጥምዝምዙ ቁጥር ሲቀንስ ነው፤ ቀለበት ማዞር ከሦስቱ አንዱንም አይለውጥም። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ባሳተመው ሕግ መሠረት ሞላ የሚመልሰው ግፊት ከተጨመቀበት ርዝመት ጋር በእኩል መጠን ያድጋል። ለምሳሌ 1 ሴንቲ ሜትር ለመጨመቅ 500 ግራም የሚፈልግ ሞላ እንውሰድ። በአንዱ ሾክ ላይ የሚያርፈው ክብደት 600 ግራም ቢሆን ሞላው 12 ሚሊ ሜትር ተጨምቆ ይቆማል። ቀለበቱን 5 ሚሊ ሜትር ወደ ታች ብናወርደው የመኪናው ክብደት ስላልተለወጠ ሞላው አሁንም የሚጨመቀው ያንኑ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ የተለወጠው ነገር የሾኩ በ5 ሚሊ ሜትር መርዘምና የሻንሲው (የመኪናው ወለል) ከመሬት ከፍ ማለት ብቻ ነው። ጎማው ከዚያ ተነሥቶ ድንጋይ ሲመታም ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሴንቲ ሜትር የሚጠይቀው ያንኑ 500 ግራም ነው።

እርግጥ ነው፣ ቀለበቱን ያጠበቀ ሰው መኪናውን በእጁ ሲጫነው እምቢ እንደሚለውና ጠነከረ ብሎ እንደሚያምን አውቃለሁ። ይህ የሚሆነው ቀለበቱ ከልክ በላይ ወርዶ ሾኩ መኪናው ቆሞ ሳለ እንኳ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ሲያልቅ ነው። በዚያን ጊዜ ሞላው አስቀድሞ የታመቀበትን ግፊት ካላለፉ በስተቀር ጨርሶ አይንቀሳቀስም፤ ካለፉት በኋላ ግን እንደ ቀድሞው ነው። ጉዳቱ የሚታየው በሌላው አቅጣጫ ነው። ሾኩ ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋ ጎማው ከቆመበት በታች ሊወርድ የሚችልበት ርቀት ባዶ ይሆናል። ቀበሌዎቻችን ውስጥ የተነጠፈው ኮብልስቶን ደግሞ ከእብጠቱ ይልቅ በድንጋዮቹ መካከል ባለው ስርጉድ የሚፈትን መንገድ ነው። ወደ ታች መውረድ የማይችል ጎማ ስርጉዱን ዘሎት ያልፋል፤ እየዘለለ በሚሄድበት ጊዜ ሁሉ መሪውም ፍሬኑም የሉም ማለት ነው። መኪናው ኮብልስቶን ላይ ሲንቀጠቀጥና ወደ ፈለገው አቅጣጫ ሲሸሽ አይተው ሞላው ገና ለስላሳ ነው በሚል ቀለበቱን ይበልጥ የሚያጠብቁ ሰዎች አሉ፤ የጸሐፊው ምክርም የሚመራው ወደዚያው ነው።

ጥንካሬ በእውነት የሚያስፈልገው ሰው ሞላውን ራሱን ይለውጥ። ሞላ ማግኘት ካልቻለም የሾኩ የታችኛው ጫፍ ጎማውን ከሻንሲው በሚያያይዘው ክንድ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች ወደ ጎማው ወደሚቀርበው ቢዛወር ያው ሞላ ጠንከር ብሎ ይሠራል፤ የላይኛው ጫፍ ወደ መሐል ገብቶ ሾኩ ሲጋደም ደግሞ መጀመሪያ ላይ ለስለስ ብሎ እየተጨመቀ በሄደ መጠን የሚጠነክር ይሆናል። እነዚህ ቀዳዳዎች አብዛኛው መኪና ላይ ከፋብሪካው ጀምሮ ያሉ ናቸው፤ ጸሐፊው አንድም ጊዜ አለማንሣታቸው አስገርሞኛል። ሞላው ልክ መሆኑን ለማወቅ መኪናውን ባትሪው ገብቶበት ከ30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ አግድም ይዞ መልቀቅ ይበቃል። ሻንሲው መሬቱን ነካ ካደረገ በኋላ ሳይንጠራወዝ ወደ ቦታው ከተመለሰ ሞላውና ዘይቱ ተስማምተዋል፤ ሻንሲው በኃይል ከተላተመ ለስልሷል፣ ሳይነካ ቀርቶ መኪናው እንደገና ከነጠረ ጠንክሯል ወይም ዘይቱ ቀጥኗል።

ስለ ዘይቱ የተጻፈው ከቀለበቱ የከፋ ነው፤ መኪናውን የሚጎዳ ነውና። ጸሐፊው የሾክ ዘይት ጠርሙስ ላይ 40፣ የሞተር ዘይት ቆርቆሮ ላይም 40 ተጽፎ ስላዩ ሁለቱ አንድ ናቸው ብለዋል። የሞተር ዘይት ላይ ያለው 40 ኤስኤኢ በሚባለው የደረጃ ሠንጠረዥ ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክ (የፈሳሽ ውፍረት መለኪያ) ባለው ክልል ውስጥ እንደሚወድቅ የሚያመለክት ነው። የሾክ ዘይት ውፍረት የሚለካው ግን በክፍል ሙቀት ነው፤ ሲሊኮን የሆነ የ40 ቁጥር የሾክ ዘይትም እንደ አምራቹ ቢለያይም ወደ 500 ሴንቲስቶክ ይጠጋል። ስለዚህ ሁለቱ 40ዎች ስማቸው እንጂ ሚዛናቸው አይገናኝም። የሾክ ዘይቶች እርስ በርሳቸው እንኳ ከአምራች አምራች ቁጥራቸው ስለማይመሳሰል፣ ገዢው ጠርሙሱ ላይ ሴንቲስቶኩን ፈልጎ በእሱ ቢያወዳድር ይሻለዋል።

ሙቀቱም አለ። የተለመደ 15 ደብልዩ 40 የሞተር ዘይት በ40 ዲግሪ ወደ 110 ሴንቲስቶክ ገደማ ሆኖ በ100 ዲግሪ ወደ 14 ወይም 15 ይወርዳል፤ ከውፍረቱ ከመቶ 87 ያህሉን አጣ ማለት ነው። ሲሊኮን በዚያው ርቀት የሚያጣው ከመቶ 60 ገደማ ነው። የሾክ ዘይት 100 ዲግሪ የሚደርስበት ጊዜ የለም፤ ነገር ግን ጎንደር ላይ በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ የተስተካከለ መኪና በኅዳር ማለዳ ብርድ ሲወጣ ልዩነቱ በሞተር ዘይት እጅግ ጎልቶ ይታያል፤ ጠዋት የጠነከረው ሾክ ቀትር ላይ ውኃ ይሆናል። ከዚህም በላይ ለሲሊኮን ዘይት ታስበው የተሠሩት የሾኩ ኦሪንግ (ዘይቱ እንዳይፈስ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት) እና ክዳኑ ስር ያለው ስስ ጎማ ከማዕድን ዘይት ጋር ሲቆዩ ሊያብጡና ሊለሰልሱ ይችላሉ፤ ያበጠ ኦሪንግ ዘንጉን አንቆ ይይዛል፣ ሾኩም ተጨምቆ ይቀራል። የሲሊኮን ዘይት ቅዳሜ ገበያ ዞሮ የማይገኝ መሆኑ እውነት ነው፤ ቢሆንም አንድ ትንሽ ጠርሙስ አራቱን ሾኮች ሞልቶ ስለሚተርፍ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ማስመጣቱ ኦሪንግ ከመግዛት ይቀላል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው በመንገዳቸው የጎንደርን ከፍታ አንሥተው ሾኩ በእሱ ምክንያት ወፈር ያለ ዘይት ይፈልጋል ብለዋል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ይህ ነዳጅ የሚያቃጥሉትን ትናንሽ ሞተሮች ኃይል ይቀንሳል፣ የባትሪ ሞተርንም ጥቂት ያሞቀዋል። የዘይት ውፍረት ግን በአየር መሳሳት አይለወጥም።

ይልቅ ስለ አሞላሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ጽሑፉ «ዘይቱን ሞልተው ክዳኑን ይዝጉ» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር አልፎታልና። ሾኩ ሲሞላ ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ወደ ታች ተስቦ ዘይቱ እስከ አፉ ይደርሳል። ከዚያ ዘንጉ በቀስታ ወደ ላይና ወደ ታች ሲንቀሳቀስ ከፒስተኑ (ዘንጉ ጫፍ ላይ ካለው ባለ ቀዳዳ ክብ) ቀዳዳዎች ስር ተደብቀው የነበሩ ደቃቅ አረፋዎች አንድ በአንድ እየሾለኩ ይወጣሉ፤ ፒስተኑ ከዘይቱ ገጽ በላይ ከወጣ ግን አዲስ አየር ይዞ ይመለሳል። አረፋው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ሾኩን አቁሞ መተው፣ በኋላም ክዳኑን ጋደል አድርጎ ትርፉ ዘይት እየፈሰሰ መዝጋት ነው፤ የፈሰሰውን በሶፍት መጥረግ ይቻላል። አየር የቀረበት ሾክ ጆሮ አጠገብ ይዘው ዘንጉን ቢያስኬዱት ይንቦጫቦጫል። ሲያበቃ የግራውንና የቀኙን ሾክ ሞላ ሳይገባባቸው ጎን ለጎን ይዞ በእኩል ግፊት መጫን ነው፤ አንዱ ቀድሞ ከገባ ወይም ዘግይቶ ከተመለሰ እንደገና ይከፈታል። ሁለቱ ሾኮች እኩል ያልሆኑበትን መኪና ከዚህ በኋላ በምንም ትሪም ማቅናት አይቻልም።

የፒስተኑ ቀዳዳ ስፋትም ከዘይቱ ቁጥር ያላነሰ ጉዳይ ነው። ጠባብ ቀዳዳ ያለው ፒስተን በዝግታ ሲሄድ ለስላሳ ሆኖ፣ በፍጥነት ሲመታ ዘይቱ ማለፍ ስለማይችል እንደ መቆለፍ ይላል። ከከፍታ የሚዘል ሰው ይህን ይወደዋል፤ ሲያርፍ ሻንሲው አይላተምበትም። ኮብልስቶንና ጠጠር ላይ ግን ፒስተኑ በትንሽ ርቀት እጅግ በፍጥነት ስለሚመላለስ ተቆልፎ ይውላል። ለእንዲህ ያለው መንገድ ሰፊ ቀዳዳና ወፈር ያለ ዘይት ከጠባብ ቀዳዳና ከቀጭን ዘይት ይሻላል።

መኪናውን የተቻለውን ያህል ከፍ አድርጉ የሚለው ምክር በከፊል የሚያስኬድ ነው። የ1/10 ባጊ (ዝቅ ያለ የአፈር ሜዳ መኪና) በአብዛኛው ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር፣ የ1/8 ባጊ ከ26 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ከፍታ ተደርጎለት ይነዳል፤ ይህ የተስተካከለ የውድድር ሜዳ ልኬት ስለሆነ ድንጋይ ለሚበዛበት ለእኛ መሬት ጥቂት መጨመር ተገቢ ነው። «የተቻለውን ያህል» ግን ልኬት አይደለም። መኪና በጎኑ ላለመገልበጥ ያለው አቅም በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል ያለው ስፋት ግማሽ ለክብደት ማዕከሉ ከፍታ ተካፍሎ ይገኛል። ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ የክብደት ማዕከሉም 7 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ መኪና 2.1 ገደማ ያገኛል፤ በ2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ቢል ወደ 1.7 ይወርዳል። በአዘዞ በኩል ዋልካው ከክረምት በኋላ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ የጎን ጎማ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ሲያዝ የሚገለበጡት በአብዛኛው እንዲህ ከፍ የተደረጉት ናቸው። ክንዶቹ ቁልቁል በተዘቀዘቁ መጠን አክስሎቹም በሰፊ ማዕዘን ስለሚሽከረከሩ መገጣጠሚያቸው ቶሎ ይበላል፤ ጎማው የሚወርድበት ርቀት ማለቁንም ከላይ ተናግሬያለሁ።

ጥሩ መነሻ የሚሆነው መኪናው ባትሪውን ይዞ ሲቆም አክስሎቹ አግድም የሚሆኑበት ከፍታ ነው። መለኪያ የሌለው ሰው የባትሪ ድንጋይ ይጠቀም፤ መካከለኛው ድንጋይ ውፍረቱ 26 ሚሊ ሜትር፣ የእጅ ባትሪና የቴፕ ትልቁ ድንጋይ ደግሞ 34 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለኮብልስቶን የሚዘጋጅ የ1/10 ትራክ ትልቁ ድንጋይ ከሻንሲው ስር ሳይጎተትበት ካለፈ በቂ ከፍታ አለው ብዬ አምናለሁ። ልኬቱ ከመወሰዱ በፊት መኪናው ከ15 ሴንቲ ሜትር ያህል ተለቆ በራሱ ቦታውን እንዲይዝ ይደረግ፤ በእጅ ተጭኖ የተለካ ከፍታ አይታመንም።

አሁን ወደ መሪው። ጸሐፊው መኪናው ወደ አንድ ጎን ሲጎትት መፍትሔው ትሪም ነው ይላሉ። ትሪም የሚያስወግደው ምልክቱን ነው፤ ያውም ቀጥታ ላይ ብቻ። መጎተቱ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ሰርቮውን ወደ ሌላው ጎን ማጠፍ በአንዱ አቅጣጫ የነበረውን የመታጠፊያ ትርፍ ስለሚበላ መኪናው በግራ ጠባብ፣ በቀኝ ሰፊ ክብ እየሠራ እንዲሄድ ያደርጋል። ትሪሙ ከመነካቱ በፊት የሚደረገው ምርመራ ቀላል ነው። የሞተሩ ሽቦ ተነቅሎ፣ ሪሞቱና ሰርቮው ግን በርተው፣ መኪናው ለስላሳ የሴራሚክ ወለል ላይ ቀስ ተብሎ ይገፋ። በሞተር ሳይነዳም ከታጠፈ ስህተቱ ብረቱ ላይ ነው፤ በእጅ ሲገፋ ቀጥ ብሎ ሄዶ በሞተር ኃይል ብቻ የሚጎትት ከሆነ የኋላ ጎማዎቹ ስፋት እኩል መሆኑና ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው) መታየት አለባቸው፤ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ እብጠት ሲመታ ብቻ የሚወናጨፍ ከሆነ ደግሞ የመሪው ዘንግና ክንዱ ወደ ላይ ሲወጡ የሚሠሩት ቅስት አልተስማማም ማለት ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ የሚቃናው የመሪው ዘንግ ጫፍ ላይ ቀጭን ቀለበት በመጨመር ወይም በማንሣት ነው።

ስህተቱ ብረቱ ላይ ሲሆን የት ይፈለግ? መጀመሪያ ግራና ቀኝ ያሉት የመሪ ዘንጎች ርዝመት ይለካል። አብዛኞቹ በሁለት ጫፋቸው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞር ጥርስ ስላላቸው ሳይፈቱ በመፍቻ ሲዞሩ ይረዝማሉ ወይም ያጥራሉ፤ ከመውደቅ ብዛት የጠመመ ዘንግ ካለ ግን ማስተካከል ሳይሆን መለወጥ ነው። ቀጥሎ እያንዳንዱ ጎማ ተነሥቶ በጣት ይዞራል፤ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚቆመው ኩሽኔታው አቧራ በልቷል። ከዚያ ሾኩ ከታች ተፈትቶ ክንዱ ወደ ላይ ይነሣና ይለቀቃል፤ በራሱ ክብደት መውደቅ አለበት። መሐል ላይ የሚቆም ክንድ ወይ ማጠፊያ ዘንጉ ጠሟል፣ ወይ የደረቀ ጭቃ ገብቶበታል። ይህን በደረቅ ብሩሽ ማጽዳት እንጂ ዘይት መቀባት አይገባም፤ የበጋው አቧራ ዘይት ላይ ሲለጠፍ ብረት የሚሞርድ ሊጥ ይሆናል።

በመጨረሻ መኪናው ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ወይም ልክ በሆነ ወለል ላይ ቆሞ የካቻቢቴ ጫፍ ከፊት በኩል በሻንሲው መሐል ስር ይገባና ቀስ ተብሎ ይነሣል። ሁለቱ የፊት ጎማዎች በአንድ ቅጽበት መሬት ሊለቁ ይገባል። አንዱ ቀድሞ ከተነሣ በእሱ ላይ ያረፈው ክብደት አነሰ ማለት ነው፤ መጀመሪያ የሚመረመሩትም የኋላዎቹ ሁለት ቀለበቶች ናቸው፤ ክብደቱ የሚዛባው በሰያፍ ስለሆነ የፊቱ ጉድለት ከኋላ ይመነጫልና። የቀለበት ዋነኛ ሥራ ይህ ነው፤ የመኪናውን ከፍታና የአራቱን ጎማዎች ጭነት ማመጣጠን።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ የሰርቮው ተራ ይደርሳል። ትሪሙ ዜሮ ላይ ሆኖ ሰርቮው በርቶ መሐሉን ሲይዝ የሰርቮው የራሱ ክንድ ከመሪው ዘንግ ጋር የ90 ዲግሪ ማዕዘን እንዲሠራ ተደርጎ ይገጠማል። ብዙዎቹ ሰርቮዎች 25 ጥርስ ስላላቸው አንድ ጥርስ ማለት 14.4 ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ በጥንቃቄ የገጠመ ሰው እንኳ እስከ 7.2 ዲግሪ የሚደርስ ልዩነት ሊቀርበት ይችላል። ያንን የሚያስተካክለው ሰብ-ትሪም (ሪሞቱ ውስጥ ያለው የሰርቮው መሐል ማስተካከያ) ነው። አሽከርካሪው በእጁ የሚነካው ትሪም ሜዳ ላይ ለሚፈጠር ጥቃቅን ለውጥ ይቀራል።

የመሪውን ገደብ እስከ መጨረሻው መክፈት ደግሞ ሰርቮ የሚያቃጥል ምክር ነው። የፊት ጎማዎቹ የሚታጠፉበት የብረት ወሰን አለ፤ ሰርቮው ከዚያ ወሰን በላይ እንዲሄድ ሲታዘዝ መሄድ ስለማይችል ቆሞ ይታገላል፣ ኤሌክትሪኩንም ወደ ሙቀት ይለውጣል። ትክክለኛው አሠራር መሪውን በአንድ ጎን እስከ ጥግ አዙሮ ሰርቮው ሲያጉረመርም መስማት፣ ጸጥ እስኪል ድረስም ገደቡን መልሶ መቀነስ ነው፤ ሌላውም ጎን ለብቻው እንዲሁ ይደረጋል። ሰርቮ ሴቨርም ስሙ እንደሚነግረን ጎማ ድንጋይ ሲመታ ግርፋቱ የሰርቮውን ጥርስ እንዳይሰብር የሚተጣጠፍ ሞላ ነው። ጥርቅም ብሎ ከታሰረ ሥራው ቀርቶ የሰርቮው ጥርስ የመጀመሪያው ተሰባሪ ይሆናል። ልል ከሆነ መኪናው በፍጥነት ሲሄድ መሪው አይታዘዝም፤ ይህም እውነት ነው። መኪናው በጎማዎቹ መሬት ላይ ቆሞ ሰርቮው ጎማዎቹን ሻካራ ወለል ላይ ማዞር ከቻለ፣ ጎማው በእጅ ሲመታ ደግሞ ሞላው ሲያፈገፍግ ከታየ ልኩ ደርሷል።

መኪና አልታጠፍ ሲል አብዛኛውን ጊዜ ጉድለቱ ሰርቮው ላይ አይደለም። ጎማዎቹ ታጥፈው መኪናው ቀጥ ብሎ ከተንሸራተተ የፊት ጎማዎቹ ጫና አላገኙም። የፊቱን ሞላ ማለስለስ፣ የፊቱን ከፍታ ከኋላው በ1 ወይም በ2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማድረግ፣ ወይም የኋላውን ሞላ ጥቂት ማጠንከር ክብደቱን ወደፊት ያመጣዋል። ማራኪ አካባቢ እንዳሉት ደረቅ ገረጋንቲ መንገዶች ልል ጠጠር ከላይ በሚኖርበት ቦታ ደግሞ ከዚህም ይልቅ ጥምዙ ሳይደርስ ፍሬን ነካ ማድረግ ይጠቅማል።

ስለ ጎማ ማዕዘን የተባለውን በአጭሩ ላልፈው እችላለሁ፤ የጸሐፊው አባባል በገዛ መኪናቸው ይፈርሳልና። የባለ 1/10 ባጊ የኋላ ጎማዎች ከፋብሪካው ሲወጡ በአብዛኛው ወደ 3 ዲግሪ ያህል አፍንጫቸው ወደ ውስጥ ዞሮ ነው፤ ልል መሬት ላይ ጋዝ ሲሰጠው ጅራቱ እንዳይዞርበት የሚጠብቀው ይህ ነው። «ቀጥ» ያደረጋቸው ሰው መጀመሪያ የሚያየው መኪናው በራሱ ዙሪያ ሲሽከረከር ነው። የፊቶቹ ከዜሮ እስከ 1 ዲግሪ ወደ ውጭ ቢዞሩ ጥምዝ አገባባቸው ይፈጥናል፤ አራቱም ጎማዎች ከላይ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ወደ ውስጥ ቢያዘነብሉም ሲታጠፉ የጎማው ሙሉ ፊት መሬት ያገኛል። ጥምዝ ላይ የውስጡ ጎማ ከውጭው ይበልጥ መታጠፍ እንዳለበት የሚወስነው የአከርማን አቀማመጥ እንኳ የአስፋልት ፈጠራ አይደለም፤ ጌኦርግ ላንከንስፐርገር ሙኒክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1817 ሲፈለስፈውና ሩዶልፍ አከርማን በተከታዩ ዓመት እንግሊዝ አገር ሲያስመዘግበው የታሰበው ለፈረስ ሠረገላ ነበር፤ የዚያ ዘመን ሠረገላም የሚሄደው በአፈርና በድንጋይ ላይ ነው።

የቀረው የአሸናፊዎችን ቅጽ መገልበጥ ነው። የልኬት ቅጽ ላይ ከሞላው ቀለምና ከዘይቱ ቁጥር በፊት የሚሞላ ስለ ሜዳው የሚጠይቅ ክፍል አለ፦ መሬቱ ሸክላ ነው ወይስ ልል አፈር፣ እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ፣ የሚይዝ ነው ወይስ የሚያንሸራትት። ውኃ እየተረጨ የሚጠቀጠቅ የውድድር ሜዳ ላይ የተገኘ ልኬት የእኛን የጥር አቧራ አያውቀውም፤ ጎማው የሚይዝበት ሜዳ ላይ መኪናው እንዳይገለበጥ ሲባል የጠነከረው ሁሉ እዚህ ጎማ እንዳይዝ ያደርጋል። የሚሻለው አምራቹ በመመሪያው ላይ ካሰፈረው መነሻ ልኬት ተነሥቶ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ ያንንም በዚያው መንገድ በተመሳሳይ ፍጥነት ነድቶ ማወዳደር ነው። ኮብልስቶን ላይ ለሚነዳ ሰው የመጀመሪያው ለውጥ ለስለስ ያለ የፊት ሞላ ይሁን፤ መስከረም ላይ ገና ያልደረቀ ዋልካ ውስጥ ለሚገባ ግን ሞላውን ከመንካቱ በፊት ጭቃ የሚተፋ ረጅም ጥርስ ያለው ጎማ ይፈልግ፤ ጥርሱ በጭቃ የተደፈነ ጎማ ላይ የሚደረግ የሞላ ለውጥ ምንም ውጤት አያሳየውም።